የጠፋው ክረምት፦ ከአንድ ቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ጥገና የተገኘ ትምህርት

በግንቦት 2015 ዓ.ም. አንድ ማለዳ፣ ቆቦ ከተማ በምትገኝ አንዲት ጠባብ የሥራ ክፍል ውስጥ፣ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረው መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። ኮምፒውተሩ ራሱ ያለ ችግር ተነሣ። በውስጡ የሚሠራው ሁለተኛው ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ፣ ግን ጥቁር ገጽ ላይ ጥቂት መስመሮች ጽፎ ቆመ። የመልእክቱ ፍሬ ነገር የፋይል ሥርዓቱ ያልተጠበቀ መዛባት እንደ ደረሰበትና ምርመራው በእጅ መካሄድ እንዳለበት የሚገልጽ ነበር።

በዚያ ማሽን ውስጥ የነበረው ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ መሠረት የሆነው መዝገብ ነው፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከሚገኙ 24 ጉድጓዶች በየሳምንቱ የተለካ የውሃ ጥልቀት። መዝገቡ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ይህ ጽሑፍ ያን መዝገብ ለማዳን ያደረግሁትን ሙከራ፣ በሙከራው የሠራሁትን ስሕተትና ስሕተቱ የተገለጠበትን መንገድ ይተርካል። የጥገና መመሪያ ለመሆን አይሞክርም። ዓላማው በቨርቹዋል ማሽን ላይ መረጃቸውን የሚያስቀምጡ ተመራማሪዎች «ተጠግኗል» የሚለው ቃል ምን ያህሉን እንደሚናገርና ምን ያህሉን እንደማይናገር አስቀድመው እንዲያስቡበት ነው።

መዝገቡና ማሽኑ

ቆቦ ከወልዲያ በስተሰሜን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ ደጋው፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ከበዋት መካከሉ ሜዳ ነው። የሜዳው ዝናብ አጭርና የማይታመን በመሆኑ፣ የራያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ዓይኑን የሚጥለው ከራሱ ሰማይ ይልቅ በደጋው ላይ ነው። ደጋ ላይ የዘነበው በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ወርዶ ሲመጣ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ በተሠራ ክትር ወደ ማሳ ይጠለፋል። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራ መስኖ ተስፋፋ። ከዚያ ወዲህ የሸለቆው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፤ በበጋ የሚወጣውን ውሃ ክረምቱ ይተካዋልን? ይህን ጥያቄ መመለስ የሚቻለው የውሃውን ጥልቀት ሳምንት ከሳምንት፣ ዓመት ከዓመት ለክቶ በመመዝገብ ብቻ ነው።

መዝገቡን የጀመሩት ከእኔ በፊት የነበሩ ባልደረቦች ናቸው። ፖስትግሬስ በሚባለው የመረጃ ቋት ላይ፣ ዕድሜው በገፋ የሊነክስ ሥርዓት ውስጥ አስቀምጠውታል። ያን ሁሉ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ እንደገና ከማደራጀት ይልቅ ማሽኑን እንዳለ ወደ ቨርቹዋል ማሽን ማዛወር ቀላል ሆኖ ተገኘ። የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ በአስተናጋጁ ኮምፒውተር ዓይን አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ነው፤ ፋይሉን የያዘ ሰው ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ይዟል ማለት ይቻላል።

ይህ ጠባዩ መዝገቡን አንድ ጊዜ አድኖታል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ አንድ ባልደረባዬ ያን ፋይል በትንሽ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ይዞ ወጣ። ስንመለስ የወረቀት መዝገቦቹ በቦታቸው አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ፋይሉን ወደ ሥራ ክፍሉ ኮምፒውተር ገለበጥሁት፤ ተንቀሳቃሹን ዲስክ ደግሞ ደምስሼ ለሌላ ሥራ አዋልሁት። ለምን ደመሰስኸው ብባል በወቅቱ የምሰጠው መልስ «ስናፕሾት አለኝ» የሚል ነበር። ስናፕሾት ግን የሚቀመጠው በዚያው ዲስክ ላይ ነው። የማሽኑን የትናንት መልክ ያስታውሳል እንጂ ዲስኩ ሲሞት አብሮት ይሞታል። የመጀመሪያው ስሕተቴ መብራቱ ከመጥፋቱ ከአንድ ዓመት በፊት ተፈጽሞ ነበር።

ዲስክ በዲስክ ውስጥ

የቨርቹዋል ማሽን የዲስክ ስሕተት አስቸጋሪ የሚሆነው ከአንድ በላይ ወለል ስላለው ነው። ከታች ስንጀምር፣ አንደኛው ወለል ብረቱ ዲስክ ራሱ ነው። በላዩ የአስተናጋጁ ኮምፒውተር የፋይል ሥርዓት አለ፤ በእኔ ሁኔታ የዊንዶውስ። ሦስተኛው በዚያ ላይ የተቀመጠው የማሽኑ ፋይል ነው። አራተኛው በማሽኑ ውስጥ የሚኖረው እንግዳ ሥርዓት የሚጠቀምበት የፋይል ሥርዓት ሲሆን፣ የእኔው ኤክስት4 ነበር። በመጨረሻ የመረጃ ቋቱ ይመጣል። እያንዳንዱ ወለል ከበታቹ ያለውን ያምናል። ከበታቹ የሚመጣለትን መልስ የሚመረምርበት ዐቅምም በአብዛኛው የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1974 ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ በጻፉት የታወቀ ጥናት ቨርቹዋል ማሽን የእውነተኛው ማሽን ብቁና የተነጠለ አምሳያ ተደርጎ ይታያል። መነጠሉ ግን ለፕሮግራሞች እንጂ ለሕመም አይደለም። ብረቱ ሲታመም እንግዳው ሥርዓት ሕመሙን የሚሰማው በራሱ ቋንቋ ተተርጉሞ ነው፤ «ፋይሉ አልተገኘም»፣ «መዋቅሩ ተዛብቷል»፣ «ዲስኩ ለንባብ ብቻ ሆኗል» በሚሉ ቃላት። ከእነዚህ አንዱም ሕመሙ ከየትኛው ወለል እንደ መጣ አይናገርም።

አንድ ተጨማሪ ነገር እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል። ኤክስት4 የመብራት መቋረጥን የሚቋቋመው ጆርናል በሚባል የለውጥ መዝገብ ነው። ሊያደርግ ያሰበውን የመዋቅር ለውጥ አስቀድሞ በጆርናሉ ያሰፍራል፤ ቀጥሎም ዲስኩን «የሰጠሁህን በእርግጥ ጻፈው» ብሎ ያዝዛል። የጆርናሉ ዋስትና በሙሉ በዚህ ትእዛዝ መፈጸም ላይ የቆመ ነው። እኔ የምጠቀምበት የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር መመሪያ ግን፣ በኋላ እንዳነበብሁት፣ ይህ ትእዛዝ ከእንግዳው ሥርዓት ሲመጣ ለፍጥነት ሲባል በተለምዶ ችላ እንደሚባልና እንዲከበር ከተፈለገ ተጠቃሚው ራሱ ማስተካከል እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። እንግዳው ሥርዓት ተጽፏል ብሎ ያመነው ነገር በአስተናጋጁ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ገና ተራ እየጠበቀ ሳለ መብራቱ ጠፋ። የዩፒኤሱ ባትሪ ካረጀ ቆይቶ ነበር።

የመጀመሪያው ጥገና

ከማናቸውም ጥገና በፊት መቅዳት እንደሚገባ አውቅ ነበር። ስለዚህ ማሽኑን አጥፍቼ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ጀመርሁ። ግልበጣው መካከል ላይ ደርሶ በንባብ ስሕተት ተቋረጠ። እንደገና ሞከርሁ፤ እዚያው ቦታ ላይ ተቋረጠ። እዚህ ላይ ቆሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እንግዳው ሥርዓት ስለ ራሱ መዋቅር እያማረረ ሳለ አስተናጋጁ ደግሞ ፋይሉን ማንበብ ለምን አቃተው? ይህ የሌላ ወለል ምልክት ነበር። እኔ ግን የቸኮልሁት ግልበጣው እንዲያልቅ ነው። በመሆኑም ዲዲ የተባለውን የቆየ መሣሪያ፣ ማንበብ ያልቻለውን ዘልሎ በቦታው ዜሮ እንዲሞላ፣ በአንድ ጊዜም 32 ኪሎባይት እንዲያነብ አዝዤ አስጀመርሁት። ቅጂው ተጠናቀቀ። መጠኑም ከዋናው ጋር እኩል ሆነ።

በቅጂው ላይ ኤፍኤስሲኬ የተባለውን የፋይል ሥርዓት መርማሪ አስነሣሁ። ለሚጠይቀው ሁሉ «አዎን» ብሎ እንዲመልስ የሚያደርገውን ምርጫም ሰጠሁት። የኤክስት4 መርማሪ ሥራውን በአምስት ዙር ያከናውናል፤ የፋይሎችን የመዋቅር መዝገብ፣ የማውጫዎችን ይዘት፣ የማውጫዎችን መያያዝ፣ የማጣቀሻ ቁጥሮችንና የነጻ ቦታ ድምርን ተራ በተራ ይፈትሻል። ወላጅ ማውጫ ያጣውን ፋይል በቁጥር ሰይሞ «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» በተባለው ማውጫ ውስጥ ያኖረዋል። በእኔም ላይ ጥቂት እንደዚህ ያሉ ፋይሎች ተገኙ፤ አብዛኞቹ ጊዜያዊ ነበሩ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳስነሣው የፋይል ሥርዓቱ «ንጹሕ» መሆኑን ነገረኝ። ማሽኑ ተነሣ። የመረጃ ቋቱም አንዲት የቅሬታ ቃል ሳያሰማ ተከፈተ።

ለመረጋገጥ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ልኬቶች ተመለከትሁ፤ አሉ። የመጀመሪያዎቹንም ተመለከትሁ፤ አሉ። በዚያው ቀን ለጥናቴ ሦስተኛ ምዕራፍ የሚያስፈልገኝን ሥዕላዊ መግለጫ አወጣሁ። ሥዕሉን የሚያዘጋጀው ፕሮግራሜ የሳምንታቱን ልኬት ወደ ወር አማካይ ይለውጣል። ልኬት ያጣ ወር ሲያጋጥመው ደግሞ በግራና በቀኝ ካሉት ወሮች ተነሥቶ በለስላሳ መስመር ይሞላዋል። ይህን ያደረግሁት፣ የጉድጓድ ጠባቂ በታመመበት ወይም መንገድ በጎርፍ በተዘጋበት ጊዜ የሚፈጠሩትን ትናንሽ ክፍተቶች ለማለፍ ነበር። መስመሮቹ ያማሩ ሆኑ። ከእነርሱ ተነሥቼም በ2012 ዓ.ም. ክረምት የውሃው መጠን ይህን ያህል እንዳልታደሰ የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር በረቂቄ ላይ ጻፍሁ። ዐረፍተ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ክረምቱ ውሃውን አይተካም ከተባለ፣ የሚከተለው ምክር የፓምፕ ሰዓት ይቀነስ የሚል ይሆናል፤ የፓምፕ ሰዓት መቀነስ ማለት ደግሞ የአንድ ቤተ ሰብ የሽንኩርት ማሳ ማለት ነው።

የጉድጓድ ጠባቂው ጥያቄ

ከሁለት ሳምንት በኋላ የታተመውን ሥዕል ይዤ ወደ ጉድጓዶቹ ወጣሁ። ከጠባቂዎቹ አንዱ የሦስት ጉድጓዶችን ልኬት ለዓመታት የወሰዱ አዛውንት ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ከፓምፕ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የትኛው መስመር የእርሳቸው ጉድጓድ እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። በጣታቸው ሲከተሉት ቆይተው አንድ ቦታ ላይ አቆሙ።

«ልጄ፣ ይህ የትኛው ዓመት ነው?»

«የ2012 ክረምት ነው፤ ወደ 2013 የሚያሻግረው።»

«አንበጣው የመጣበት ዓመት አይደለምን?»

«አዎን፣ እርሱ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ጎድሏል። አንበጣው የበላው እኮ ጥሩ እህል ነበር፤ ክረምቱ ደግ ስለ ነበረ። ጎሊና እየሞላ ሲወርድ ነው የሰነበተው። መለኪያውን ወደ ጉድጓዱ ስሰድደው ከወትሮው ቀድሞ ይጮኽልኝ ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ምንም አልሆነም።»

የሚለኩበት ገመድ ጫፉ ውሃ ሲነካ ድምፅ የሚሰጥ ነው፤ ቀድሞ መጮኹ ውሃው ወደ ላይ መጠጋቱን ያሳያል። ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። የኮምፒውተሩ መዝገብ ከሰው ትዝታ ይልቅ የታመነ ነው ብሎ ማሰብ ለእኛ ለተመራማሪዎች ቀላል ነው። ሆኖም አዛውንቱ የተናገሩት ትዝታ ብቻ አልነበረም፤ በአንበጣው፣ በእህሉና በወንዙ የተደገፈ ማስረጃ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በራያ ቆቦ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ማውደሙን የማያስታውስ የአካባቢው ሰው የለም።

በዚያው ምሽት ለመረጃ ቋቱ አንድ ቀላል ጥያቄ አቀረብሁ፤ በእያንዳንዱ ሳምንት ስንት ልኬት አለ? መልሱ በየሳምንቱ 24 ወይም ለዚያ የቀረበ ቁጥር መሆን ነበረበት። ከሰኔ አጋማሽ 2012 እስከ ጥቅምት መጨረሻ 2013 ባሉት 20 ሳምንታት ግን አንድም ልኬት አልነበረም። ወደ 480 የሚጠጋ ልኬት፣ ማለትም አንድ ሙሉ ክረምት፣ ጠፍቷል። በቦታው የነበረው የእኔ ፕሮግራም የሣለው ለስላሳ መስመር ነው። ይህን ጥያቄ ለማቅረብ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ማቅረብ የነበረብኝ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር።

ወደ ጠለፋው መውጣት

በጎርፍ መስኖ የሚያርስ ሰው ውሃው ማሳው ጫፍ ላይ ሲቀርበት፣ ማሳውን መቆፈር አይጀምርም። ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ችግሩ ከሜዳው ላይ ሳይሆን ከጠለፋው ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። እኔም የሚቀጥለውን ቀን በዚያው መንገድ ጀመርሁ፤ ከብረቱ።

ደግነቱ ዋናውን ዲስክ ገና አልደመሰስሁትም፤ ከኮምፒውተሩ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አኑሬው ነበር። ስማርት በሚባለው የዲስኩ ራስ መከታተያ መዝገብ ውስጥ፣ ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች ቁጥር 8 ይላል። መሣሪያው የሚቆጥረው በ512 ባይት ስለሆነ፣ 8ቱ አንድ ላይ የዚያን ዲስክ አንድ እውነተኛ ሴክተር ማለትም 4 ኪሎባይት ይሆናሉ። የአስተናጋጁ የክስተት መዝገብም ግልጽ የሆነ የተበላሸ ብሎክ ማስጠንቀቂያ ይዟል። ሁለቱንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንበብ እችል ነበር።

ስለዚህ በአንድ ቀን የተገለጡ ሁለት ሕመሞች ነበሩ። አንደኛው በመብራቱ መጥፋት ምክንያት ሳይጻፍ የቀረ የመዋቅር ለውጥ ነው፤ ማሽኑ እንዳይነሣ ያደረገው ይህ ነው፤ ኤፍኤስሲኬም በሚገባ አስተካክሎታል። ሁለተኛው ከዚህ ጋር ግንኙነት ላይኖረው የሚችል፣ በዝምታ የኖረ የብረት ጉዳት ነው። የ2012 ክረምት ልኬቶች አንዴ ከተጻፉ በኋላ የተቀመጡበት ሴክተር ከብረቱ ላይ ለረጅም ጊዜ ስላልተነበበ፣ መበላሸቱን የሚያውቅበት አጋጣሚ አልነበረም። እንዲህ ያለው የተደበቀ የሴክተር ስሕተት እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ላክሽሚ ባይራቫሱንዳራምና ባልደረቦቹ 1.53 ሚሊዮን ዲስኮችን ለ32 ወራት ተከታትለው ባቀረቡት ጥናት፣ 3.45 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት መከሠቱን አሳይተዋል። ፊተኛው ሕመም ስለ ጮኸ ኋለኛው ተሸፈነ፤ የፊተኛውን ጥገና ለሁለቱም መድኃኒት አድርጌ ወሰድሁት።

ታዲያ 4 ኪሎባይት ብቻ ከተበላሸ 20 ሳምንታት እንዴት ጠፉ? መልሱ በእኔ ትእዛዝ ውስጥ ነው። ዲዲ በአንድ ጊዜ 32 ኪሎባይት እንዲያነብ ስላዘዝሁት፣ በዚያ መካከል አንዲት ሴክተር እንቢ ስትለው 32 ኪሎባይቱን በሙሉ በዜሮ ተካው። ፖስትግሬስ መረጃውን የሚያስቀምጠው እያንዳንዳቸው 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ነው። ስለዚህ አራት ገጾች በዜሮ ተሞሉ። በአንድ ገጽ ውስጥ ወደ 120 የሚሆኑ ልኬቶቻችን፣ ማለትም የአምስት ሳምንት ሥራ፣ ይገባሉ። አራቱ ገጾች የ20 ሳምንት ናቸው።

የመረጃ ቋቱ ዝም ያለበት ምክንያትም በዚሁ ተገለጠልኝ። ፖስትግሬስ ሙሉ በሙሉ ዜሮ የሆነ ገጽ ሲያገኝ እንደ ብልሽት አይቆጥረውም፤ ገና ያልተጻፈበት አዲስ ገጽ አድርጎ ይቀበለዋል። በደንቡ ይህ ትክክል ነው። ኤፍኤስሲኬም ዝም ማለቱ ትክክል ነበር። ማርሻል ከርክ መኩዚክና ቴድ ኮዋልስኪ ስለ ዩኒክሱ ኤፍኤስሲኬ የጻፉትን ሰነድ ያነበበ ሰው እንደሚረዳው፣ የመርማሪው ጉዳይ የመዋቅሩ እርስ በርስ መስማማት ነው። ፋይሉ የት እንዳለ፣ ስንት ብሎክ እንደያዘ፣ ማን እንደሚያመለክተው ያጣራል፤ በብሎኩ ውስጥ የተጻፈው ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የመጽሐፍ ቤት ኃላፊ የመጻሕፍቱን ቁጥርና መደርደሪያ ቆጥሮ ሁሉም ተሟልቷል ሊል ይችላል፤ ከመካከላቸው የአንዱ ገጾች ነጭ መሆናቸውን ግን የሚያውቀው ሊያነብ የገለጠ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ቅጂ ዲዲሬስኪው በተባለው የነጻ ሶፍትዌር መሣሪያ አካሄድሁ። ይህ መሣሪያ በመጀመሪያ ያለ ችግር የሚነበበውን ሁሉ ያወጣል፤ አስቸጋሪዎቹን ቦታዎች ለመጨረሻ አቆይቶ እያጠበበ፣ እስከ ነጠላ ሴክተር ድረስ ይመለስባቸዋል። ምን እንዳነበበና ምን እንዳቃተውም በካርታ ፋይል ይመዘግባል። ሲጠናቀቅ ያልተነበበው 4 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በዚህኛው ቅጂ ላይ የፋይል ሥርዓቱን ከጠገንሁ በኋላ የመረጃ ቋቱን ስከፍትና ሠንጠረዡን ሳነብ፣ ፖስትግሬስ በዚህ ቁጥር ብሎክ ላይ ያለው ገጽ ልክ አይደለም ብሎ ሥራውን አቆመ። የጠፋው ግማሽ የገጹን ራስጌ የያዘው ክፍል ስለ ነበር፣ ገጹ ሙሉ ዜሮ ሳይሆን ግማሽ ዜሮ ሆነ፤ ሊያልፈው አልቻለም። የተሻለው ቅጂ የተናገረ፣ የባሰው ዝም ያለ መሆኑን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። ሦስቱ ገጾች፣ ማለትም 15 ሳምንታት፣ ተመለሱ። የቀረው ከሐምሌ 20 እስከ ነሐሴ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ገደማ ያሉት አምስት ሳምንታት ናቸው።

ወደ አዛውንቱ ተመለስሁ። የማስተርፈው አምስት ሳምንት ቀርቶኛል ስላቸው ወደ ቤታቸው ገቡና አንድ የተማሪ ደብተር ይዘው ወጡ። ልኬቱን ለመሥሪያ ቤቱ ከማስረከባቸው በፊት ለራሳቸው በእርሳስ ይጽፉ ኖረዋል። «ወረቀት ይጠፋል ብዬ ነው» አሉ። የሦስቱ ጉድጓዶች አምስት ሳምንታት በሙሉ በዚያ አሉ። ቀድሞ ከተመለሱት ሳምንታት ጋር ሳስተያያቸው የደብተሩ ቁጥሮች ከመዝገቡ ጋር ይገጥማሉ፤ መስመሩም እርሳቸው እንዳሉት በነሐሴ ወደ ላይ ይወጣል። የቀሩት 21 ጉድጓዶች አምስት ሳምንታት ግን አልተገኙም።

ንጹሕነትና ሙሉነት

ከዚህ ልምድ የያዝሁት ዋና ነገር በሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ነው። «ንጹሕ» ማለት መዋቅሩ ከራሱ ጋር ይስማማል ማለት ነው። «ሙሉ» ማለት ያስቀመጥሁት ሁሉ አለ ማለት ነው። የጥገና መሣሪያዎች የሚመሰክሩት ስለ መጀመሪያው ነው። ስለ ሁለተኛው ሊመሰክር የሚችለው መረጃው ምን መምሰል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ተመራማሪው፣ አንዳንድ ጊዜም ከተመራማሪው የሚሻል የጉድጓድ ጠባቂ ነው። በቨርቹዋል ማሽን ላይ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይሰፋል። ከበታች ያለ ወለል ያጣውን በዜሮ ሲተካ፣ ከላይ ያለው ወለል ዜሮውን እንደ እውነት ይቀበላልና።

በሥራ ክፍላችን ከዚያ ወዲህ ጥቂት ነገሮች ተለውጠዋል። ማሽኑ ሲታመም ምርመራው የሚጀምረው ከብረቱ ነው፤ ስማርትና የአስተናጋጁ የክስተት መዝገብ ሳይነበቡ በእንግዳው ሥርዓት ላይ ምንም ትእዛዝ አይሰጥም። ግልበጣ በንባብ ስሕተት ከተቋረጠ ያልተነበበውን በሚመዘግብ መሣሪያ ብቻ ይቀጥላል፤ ጥገናው በቅጂው ላይ ይካሄዳል፤ ዋናው ዲስክ የቅጂው ይዘት እስኪረጋገጥ አይነካም። የእንግዳው ሥርዓት የመጻፍ ትእዛዝ እንዲከበር ተደርጓል፤ ማሽኑ ትንሽ ዘገየ፤ ችለነዋል። በየሳምንቱ ዓርብ የመረጃ ቋቱ ይዘት ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይወጣል፤ ከእርሱም ጋር የየሳምንቱ የልኬት ቁጥር ይመዘገባል። አንዱ ቅጂ ቆቦ ይቀራል፤ ሌላው ወልዲያ ይሄዳል። ጠባቂዎቹም ደብተር ተሰጥቷቸው በሁለት ቅጂ ይጽፋሉ።

በፕሮግራሜ ላይ ያደረግሁት ለውጥ ደግሞ አንድ መስመር መሰረዝ ብቻ ነው፤ ክፍተት የሚሞላውን። በረቂቁ ላይ የነበረውን ዐረፍተ ነገር አውጥቼዋለሁ። በቀረበው ጥናት ውስጥ የ2012 ክረምት በሦስት ጉድጓዶች ላይ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ በግርጌውም ከጠባቂው ደብተር የተወሰደ መሆኑ ተጽፏል። በ21ዱ ላይ መስመሩ ሐምሌ ላይ ይቆማል፤ አምስት ሳምንት ባዶ ይሄዳል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ይህ ክፍተት ለዓይን ስለማይመች ሊሞላ አይችልም ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ይቻላል፤ አንድ ጊዜም ሞልቼው ነበር ብዬ መለስሁ።